ወደ ግራ

ሐምሌ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ዝናቡም አልቆመም፤
የቻካውን ወሽመጥ የሚሻገር የለም።
ጀልባዬን አስሬ ገመድ ስጠቀልል፣
ወደ ቀኝ፣ እንደ ልማዴ፣ ጥቅል በላይ ጥቅል፣
ኤርሜሊንዳ መጣች፣ የደሴቷ አዋላጅ፣
ካፖርቷ ውስጥ ሸሽጋ የሦስት ቀን ልጅ።
ከኋላ እናቱ፣ ዶራሊሳ፣ ጡቷ ወተት አግቶ፣
ነጭ ጨርቅ ጨብጣ፣ ቃል ካፏ ጠፍቶ።

አዋላጇ ጨርቁን ፋኖሴ ሥር ዘረጋችው።
አረንጓዴ።
ጀልባ ሆድ ላይ እንደሚበቅል የባሕር አረም አረንጓዴ።
«ነጭ ቢያስመልስ ወተት ነው፣ እስኪነጋ በቆየሁ፤
ይኼ ግን ሐሞት ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ቀብሬያለሁ።»
እሱ ሐሞት ሲተፋ የኔ ሐሞት ፈሰሰ፤
ልጁ ዝም ሲል ባሕሩ አለቀሰ።

ተሻገርን። እንዴት እንደሆነ አልነግርህም፤
አንዳንዱን መንገድ እጅ እንጂ ራስ አያስታውስም።
ከዚያ በዓሣ መኪና፣ በበረዶ ሣጥን መሀል፣
እስከ ፖርቶ ሞንት ሆስፒታል።

ዶክተር ኦያርሶ ወረቀት ገልብጣ ሣለችልን፦
«ሁላችንም ማሕፀን ሳለን
ሆዳችን ሲጠበው አንጀታችን በእትብት በር ይወጣል፤
ወደ ግራ እየዞረ ተመልሶ ይገባል፤
ቦታውን ይይዛል፣ ይታሰራል።
የዚህ ልጅ ግን ዙሩን ሳይጨርስ ገባ።
ያልታሰረ ነገር፣ መቼስ...»
«ያልታሰረ ጀልባ» አልኋት።
«አዎ። ራሱ ላይ ተጠመዘዘ፤ ደሙን አነቀ።»
«በምን ይፈታል?»
«ወደ ግራ። በእጅ። ቀስ ተብሎ፣ ጥቁሩ እስኪቀላ።»

ዕድሜ ልኬን ግራ ሲገባኝ የኖርሁ ሰው፣
ግራ መውጫ መሆኑን ማን ነግሮኝ ልወቀው?
ዶራሊሳ ወለሉ ላይ፣ አንጀቷ እጥፍ ብሎ፣
ከበሩ ማዶ ካለው ጋር አብሮ ተጠቅልሎ።

ሲነጋጋ ወጡ። ሦስት ዙር ነበር አሉ።
ስንዝር ያህል ሞቶ ቆርጠው ጥለዋል፤
ወሽመጤን ቆረጠው፤ የቀረው ግን ቀልቷል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ልጠይቅ ብሄድ
ዶራሊሳ በመስኮት ጨርቅ ታውለበልባለች፦
ቢጫ! የሚሸት! የልጇ!
ነርሶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ኤርሜሊንዳ አልሳቀችም፤
የሁለቱን ስም ታውቃለች።

አሁንም ገመዴን ወደ ቀኝ እጠቀልላለሁ።
አንዳንድ ሌሊት ብቻ፣ ነፋሱ ሲበረታ፣
ፈትቼ ወደ ግራ እመልሰዋለሁ፤
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስት።
«ገመዱ ምን አደረገህ?» ትላለች ሚስቴ።