ሁለተኛው ናሙና

ሳልሚያ፣ ስድስተኛ ፎቅ፤ መስታወቱ በወበቅ አልቦት፣
ማማ ሉልዋ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ፣ እኔ ከኋላ፣ ቦርሳዋን ታቅፌላት።
ሐኪሙ ሁለት ወረቀት ዘረጋ፦
«ይኼ ከጡትሽ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፤
ይኼኛው ከጉበትሽ፣ ያለፈው ሳምንት።
እናትና ልጅ ናቸው፤ ልጅቱ ግን በደም ጎዳና ስትሰደድ
ፊደል ጥላ፣ ፊደል ለቅማ፣ ሌላ ሆናለች በመሄድ።
ለእናቲቱ የተቀረጸው ቁልፍ
የልጅቱን በር አልከፍት አለ።»

ማማ መስበሃዋን ቆጠረች። የገባው ግን እኔን።
ከሐርቡ ስወጣ አንጓች ነበርኩ፤ ደላላው ደሴ ላይ ስሜን
«ሐያት» አለው፤ ዕድሜዬ ላይም አምስት ዓመት ጨምሮ
ላከኝ፣ እንደ ፖስታ፣ አድራሻዬ ተቀይሮ።
ዘጠኝ ዓመት «ሐያት!» ሲሉኝ «አቤት» ስል ከረምኩ።
በቀደም የላክሁት ብር ተመለሰ፤
እናቴ ባንኩ መስኮት ጋ ቆማ
«ሐያት የምትባል ልጅ አልወለድኩም» አለች አሉ፣ ደጋግማ።

ዕጢ ነኝ አልልም፤ እኔ ሰው አልገደልሁም፤
መንገድ ምን እንደሚያደርግ ግን ሐኪሙ ከእኔ በላይ አያውቅም።

«ከሄደችበት ነው የምትፈለገው» አለ፣ «ከተወለደችበት ሳይሆን፤
አዲሱ መድኃኒት ዛሬ ይጀመር፣ አጃቢዋ ትፈርም አሁን።»

እስክሪብቶው በ«አ» ጀመረ፤
እጄ ደንገጥ ብሎ ሰረዘ፣ «ሐ»ን ጨመረ።
ነርሷ ጎንበስ ብላ «ይኼ ስርዝ ምንድን ነው?» አለችኝ።
«የፊተኛው ናሙና» አልኳት።
በአማርኛ ነበር። ዝም ብላ ማኅተሙን መታችበት።