ወረንጦ

ነገ ጀልባው ይነሳል፤ ዛሬ ግን ፍተሻ ነው።
ብላፍ፣ ወደቡ ዳር፣ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ንፋስ እያንኳኳው፣
አምስት ተማሪዎች ቆመናል በካልሲ ብቻ፣
ሻንጣችን ተገልብጦ እንደ ባዶ ስልቻ።

ራዊኒያ መጣች፣ መነጽሯን ሰቅላ ከግንባሯ በላይ፣
ወረንጦ በእጇ፣ ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ።
«ስንት ወር ነው?» አለችኝ። «አራት» ስላት ሳቀች፤
«ለአራት ወር ደሴት አራት ሰዓት ትበጠሪያለሽ» አለች።
«አንዲት ዘር እንዳታልፍ። እዚያ ወፎቹ ሁሉ
መሸሽ አልተማሩም፤ ጉድጓድ ቆፍረው ነው መሬት ውስጥ የሚውሉ።
አንዲት ያረገዘች አይጥ፣ አንዲት የሣር ፍሬ ከዕቃሽ ብትወርድ፣
ሃምሳ ዓመት አይበቃም እሷን ብቻ ለማሳደድ።»

ፊሊሞኒ ሦስቴ ያጠበው ጫማ ጭቃ ተገኘበት፤
ተንበርክኮ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ እያጉረመረመ ገባበት።
ምስሩ በወንፊት፣ ሩዙ በወንፊት፣
የድንኳኑ ዚፕ ደግሞ በመርፌ፣ ጥርስ በጥርስ፣ ከኋላ እስከ ፊት።
ባትሪውን ቆጠርን። ቸኮሌቱን ቆጠርን።
በመጸዳጃ ወረቀት ተጣላን፤ ሳቅን፤ እንደገና ቆጠርን።

እናቴ ደወለች። «ጥርስ ሐኪም ሄደሻል?»
«ሄጃለሁ።» «ያቺ የምታምሽስ?» «ነቅሏታል።»
«እዚያ ሐኪም የለም አሉ።» «የለም፣ እማ።» ዝም አለች።
ዝም ስትል ማንን እንደምታስብ አውቃለሁ፤
የኤዋንን ስም አላነሳች።

ከዚያ የጃኬቱ ተራ ደረሰ፤
አረንጓዴው፣ ክርኑ ላይ የተጣፈው፣ የወንድሜ፣
እጅጌው የሚረዝመኝ፣ የምለብሰው ደግሜ ደግሜ።
ራዊኒያ ሻካራውን የእጅጌ ማጣበቂያ ገለጠች፣
ተጠጋች፣ መነጽሯን አወረደች፣
በወረንጦው ጫፍ አንዲት ዘር፣ ባለጭራ፣ ደረቅ፣
ስባ አወጣች፤ አምፖሉ ስር ያዘቻት፣ ከፍ አድርጋ፣ ራቅ።
«አሜከላ» አለች። «የበግ ግጦሽ አሜከላ። የት ነበርሽ በዚህ?»

እኔ አልነበርኩም።
ኤዋን ነበር፣ ባለፈው መጋቢት፣
ላምስደን፣ የበጎቹን አጥር ሲጠግን፣
ባለ አራት ጎማው ሞተር ሳይገለበጥበት።

ብልቃጡ ተከፍቷል። ውስጡ የሁላችን ዘር፤
የሣር ፍሬ፣ የቅጠል ስባሪ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የውሻ ጸጉር።
ማታ ሁሉም ይቃጠላል። ደንብ ነው። ደንቡን አውቃለሁ፤
ለሌሎቹ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ከታቹም ፈርሜያለሁ።
እጄ ግን ተዘረጋ።

ራዊኒያ አልሰጠችኝም። አልነፈገችኝምም።
ወረንጦውን አየር ላይ እንደያዘች ቆየች፤ ውጭ ቆርቆሮው አላረፈም።
«የኔ ሰዎች ዘር ሲቆጥሩ ከታንኳው ይጀምራሉ» አለች።
«ታንኳው፣ ተራራው፣ ወንዙ፣ ሰው ከዚያ በኋላ ነው።» ድምጿን ቀነሰች።
«የማን ነው?»
«የወንድሜ።»
«ስሙ?»
ነገርኳት።

መዝገቡን ሳበች። በተሰመረው ጠባብ ሳጥን
«አሜከላ፤ አንድ ፍሬ፤ ከግራ እጅጌ» ጻፈች።
«የተገኘበት ምንጭ» በሚለው ቦታ
ስሙን ከነአባቱ፣ ፊደል በፊደል፣ ሳትቸኩል አሰፈረች።
ከዚያ ዘሯን ብልቃጥ ውስጥ ጣለች። ክዳኑን አጠበቀች።

ጃኬቱ አሁን ንጹሕ ነው። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።
የሱ የነበረ ምንም የለበትም፤ የእጅጌው ርዝመት ብቻ ቀርቷል።
ሥራዬ ይኸው ነው እዚያ፣ ጭቃው ላይ በሆዴ ተኝቼ፣
እጄን እስከ ብብቴ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ፣
በጨለማ መዳበስ፦ ይሞቃል? ይቀዘቅዛል?
ማን ከባሕር ተመልሷል? የማን ጎጆ ባዶውን አድሯል?

«የሚቀጥለው!» አለች ራዊኒያ።
ፊሊሞኒ መጣ በካልሲው፣
የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ፣
አረፋ እየተንጠባጠበ ከክርኑ።