ትንፋሽ ይዞ፣ ቂም ይዞ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ዶሮ ሳይቀድመኝ፣
የጸሎት ቤቱን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነኝ።
ጄጁ ነው ደሴቱ፤ ድንጋዩ ጥቁር ነው፣
ነፋሱ እንዳገር ልጅ ሁሉን በስም የሚያውቀው።
መብራት አበራለሁ፣ ምድጃ አሞቃለሁ፣
ጫማ አውልቀው ሲገቡ በሩ ላይ እቆማለሁ።
እኔ ሰው የማውቀው በፊቱ አይደለም፤
በጫማው ነው እንጂ፤ ጫማ አይዋሽም።

የማልሱን ቡትስ ጫማ በግራው ጥግ በኩል፣
የዮንዴ በቀኙ፣ መሃሉ ባዶ ክልል።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው ረድፉ፣
ጫማ ከጫማ እንኳ ተኳርፎ በደጃፉ።
ጠቡ በምን ቢሉ? በባሕር ድንጋይ ነው፣
ከሥሩ ቀንድ አውጣ የሚርመሰመሰው።
«እኔ ነኝ ያየሁት»፣ «እኔ ነኝ ያወጣሁት»፤
የአንድ ጠዋት ነገር ነው፤ ዘላለም አደረጉት።

ባሕር ጠላቂ ናቸው፣ ሁለቱም ባልቴቶች፣
ሰባን የዘለሉ፣ ጥቁር ልብስ ለባሾች።
ያለ አየር ዕቃ፣ በገዛ ሳምባቸው፣
ሁለት ደቂቃ ነው ትንፋሽ መያዛቸው።
ሁለት ደቂቃ ብቻ! ከዚያ በላይ ያፍናል፤
ቂም ግን አሥራ አንድ ዓመት እንዴት ይያዛል?

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አይደል፣
ሳላቸው እስከ ደጅ፣ እስከኔ ይሰማል።
ማልሱን ጮክ ብላ «ጌታ ሆይ!» ትላለች፤
ዮንዴ በዚያ ጥግ ደረቷን ትደቃለች።
«አባታችን ሆይ»ን በኅብረት ስንደግም፣
«እኛም ይቅር እንደምንል» ላይ ሁለቱም ዝም።

ባሕር ሌላ ሕግ አለው፤ ማንም ብቻውን አይጠልቅ፤
ብቅ ሲሉ ያፏጫሉ፣ ትንፋሹ ሲለቀቅ።
ማልሱን ከማዕበል ጆሮዋን አቅንታ፣
የዮንዴን ፉጨት ትቆጥራለች፣ ሳታርፍ ለአፍታ።
ዮንዴ ከዘገየች ልቧ ድው ድው ይላል፤
አፏ ቢያኮርፍም ጆሮዋ ይጸልያል።

በየካቲት አንድ ቀን፣ በረዶ ሲያካፋ፣
ረድፉ ጎደለ፤ የቀኙ ጫማ ጠፋ።
ዮንዴ ታማለች አሉ፣ ራስ ምታት ጥሏት፤
ከጭስ ማውጫዋ ላይ ጭስ ሳይታይ ሁለት ሌሊት።
ማልሱን ተንበርክካ «ጌታ ሆይ» ልትል፣
«ጌ...» ብላ ቀረች፣ ቀሪው እምቢ ሲል።
ጆሮዋን አቀናች ወደ ቀኙ ዳር፤
ሳል የለ፣ ፉጨት የለ፤ ዝም ያለ ባሕር።
ብድግ ብላ ወጣች ቃሉ ሳይጠናቀቅ፤
«ጸሎት ተቋርጦ!» አልኩኝ ከበሩ ስትርቅ።

እውነቱን ልናገር፣ የተከተልኳት በሐሜት፣
ለምሳ የሚሆን ወሬ ባገኝ ምናልባት።
ማልሱንን አገኘኋት እጅጌዋን ሰብስባ፣
በዮንዴ ማድ ቤት ውስጥ አንድ ጣሳ ሩዝ አጥባ።
ያንኑ ቀንድ አውጣ፣ ከዚያው ድንጋይ ሥር፣
ከትፋ ስትጨምር ከሩዙ አጥሚት ጋር።
ይቅርታ አላለችም። ዮንዴም አልጠየቀች።
አንድ ማንኪያ ቀምሳ «ጨው የለውም» አለች።
«ያንቺ ምላስ ነው!» አለች ማልሱን ተቆጥታ፤
ጨው ጨመረች እንጂ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።
ከኋላ ሳያት ግን ትከሻዋ ይርዳል፤
ሳቅ ይሁን ልቅሶ ይሁን እግዜር ብቻ ያውቃል።
ያን ጊዜ ሰማሁት፣ ረጅም ቀጭን ፉጨት፣
ከባሕር ሥር ወጥቶ አየር እንዳገኘ ፍጥረት።
ከየትኛዋ ነው? ከሁለቱም ይመስላል፤
አሥራ አንድ ዓመት የተያዘ ትንፋሽ ሲለቀቅ ይጮኻል።

ወደ በሬ ተመለስኩ፤ ጸሎቱ አብቅቷል፤
የማልሱን ቡትስ ብቻ ከጥጉ ቆሞ ቀርቷል።
በካልሲዋ ኖሯል በበረዶው ያለፈች!
ጸሎት አላቋረጠችም፤ ጸሎቷን ጀመረች።
ቡትሱን አንሥቼ ከመሃሉ ላይ አኖርኩ፣
ማንም ባላለፈው ድንበር ላይ፤ ቆሜም አሰብኩ።

እኔም ወንድም አለኝ፣ ቡሳን የሚኖር፤
ለሁሉ በር እየከፈትኩ እሱን የዘጋሁት ከበር።
ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ስልኬን አወጣሁት፤
ጠራ... አንዴ፣ ሁለቴ... ትንፋሼን ይዤ ሰማሁት።