ማራገቢያ

ከፈረሰ ማኅበር በጨረታ የገዛነው፣
ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ያለው፣
ደመወዝ ሲደምር፣ ግብር ሲቀንስ የኖረ፣
ከዚያ ወዲያ አንድ ጨዋታ እንኳ ያልተማረ፣
እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ነበር የኛ፤
ሲነሳ እያቃሰተ፣ ሲሠራ እንቅልፋም፣ ሲጠፋ ብቻ ደኅነኛ።

መጋቢት ላይ አዳማ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
ኳስ ጨዋታ ከከፈትን ነፍሱ ልትወጣ።
አጥቂው መትቶ ይደርቃል፣ በረኛው አየር ላይ ይሰቀላል፤
ግብ መሆኑ፣ እኛ ምሳ በልተን ስንመለስ ይለያል።
ውስጡ ያለችው ማራገቢያ፣ መዳፍ እንኳ የማትሞላ፣
ትንፋሿ አጥሮ ትዞራለች የከተማውን አቧራ ስትበላ።

በመስኮቱ ደግሞ ጋራው አለ፤
ነጫጮቹ፣ ረጃጅሞቹ፣ ሦስት ሦስት ክንፍ ያላቸው፣
ነፋሱን በእርጋታ ሲያማስሉ፣ ማንም ሳያስቸኩላቸው።
«ከነዚያ አንዷን ብቻ ቢያውሱን!» አለ ቦንሳ፣ ታናሼ፤
«ለማዘጋጃ ቤት እንጻፍ» አልኩት፣ ላቤን በክንዴ አብሼ።

እኔ ፍራንኮ ሞባይል ፈትቼ ገጥሜ ከማመጣት፣
እሱ የጎረቤት ልጅ ሒሳብ አስጠንቶ ከሚያገኛት፣
በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አንድ ክረምት አስተኛናት።
መስከረም ሲጠባ ቀሰቀስናት።

ከራም ጀመርን። ያገለገለ። የወርቅ ጥርሱን በላጲስ
ፈግፍገን ፈግፍገን፣ እስኪያብለጨልጭ እንደ አዲስ።
እንደ ወፍጮ የሚጮኸውን ሃርድ ዲስክ አስወጣን፤
ድምፁ የማይሰማ ኤስኤስዲ በቦታው አመጣን።

ካርዱ ግን፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ ዋጋው ያስደነግጣል።
የአባዬ የድሮ ረዳት፣ ገልገሎ፣ «ግድ የለም፣ ይመጣል»
አለንና፣ ከጅቡቲ መንገድ፣ ከወንበሩ ሥር፣ በሹራብ ጠቅልሎ፣
«ያገለገለ ነው፤ ግን ጨዋ ነው» ብሎ
ሰጠን። ብናዘነብለው፣ ብናጋድመው፣
በሁለት ጣት ረዘመ፤ የሣጥኑ ብረት አገደው።

በር ሠሪው ሼህ ኑሬ ግራይንደሩን አስነሳ፤
የእሳት ብናኝ ሲረጭ ዓይኑን ጨፈነ ቦንሳ።
የጎን ክዳኑ ቀረ። የሳሎኑ ቬንትሌተር አጠገቡ ቆመ፤
እናቴ በሙቀት ብታኮርፍም፣ እሱ ግን ታከመ።
ፓወር ሰፕላዩ ይችለው ይሆን? ቦንሳ አንድ ጣቱን ዘረጋ፣
እኛ በሩ ሥር ቆመን፣ ምናልባት ለአደጋ።

በራ።

አባዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ የጎተተ፣
ስኳር ዓይኑን ቢይዝበት ከመሪ የተሰናበተ፣
ወንበር ስቦ ተጠጋና «ሞተር አወረዳችሁለት?» አለ፤
«ፈረስ ጉልበቱ ስንት ገባ?» መልስ የሚሰጥ የለ።

ቦንሳ ዝም ብሎ የከባድ መኪና ጨዋታ ከፈተ።
በረዶ የለበሰ፣ ስሙን የማናውቀው አገር መንገድ መጣ።
«እስኪ ጎማውን ልይ» አለ አባዬ፣ «ሳልወጣ»።
«አባ፣ እዚህ ጎማ አይፈነዳም።»
«አይፈነዳም?»
ዝም አለ።
ከሚሌ ወዲያ፣ ብቻውን፣ ጎማ ሲፈታ ያደረበትን
ሌሊት ያሰበ መሰለኝ። አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ነዳ። ግራ እግሩ ጠረጴዛው ሥር ፍሪሲዮን ፈለገ፤
ኩርባው ሲደርስ ትከሻው አብሮ ታጠፈ፣ ቀስ አደረገ።
ምስሉ አልደረቀም፤ አንዴም አልተቆራረጠ፤
ዓይኑን አጥብቦ፣ አንድ ሙሉ ሰዓት፣ ሽንቱን ይዞ ተቀመጠ።

ዳገቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ።
ሰፈሩ በአንድ አፍ «ኤጭ!» አለ።
ጋራው ላይ ክንፎቹ፣ በጨረቃ፣ መዞራቸውን አልተዉም።
ቦንሳ ሻማ ፍለጋ ወንበር ገፍቶ ሲነሳ፣
የአባዬ እጅ በጨለማ ያዘችው፣ አባዬ ራሱ ሳይነሳ፦
«ቆይ ልጄ። ዳገት ላይ ነን።
መጀመሪያ የእጅ ፍሬን።»