ከበረዶው ሥር ያለው ቀለም

አርባ ዓመት ሙሉ፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር፣
ቀለም የጠጣ ሱሪህን ሳሽ፣ ሳማርር፣
አንድ ቀን እንኳን ጠይቄህ አላውቅም ነበር፦
«ኦይቫ፣ በባዶ አዳራሽ፣ በሌሊት፣ በብርድ፣
ተንበርክከህ ምንድን ነው የምታሰምረው?
ቀዩ ለማን ነው? ሰማያዊው ለማን ነው?»

ዘንድሮ ዓይንህ ከዳህ።
መጀመሪያ ዳር ዳሩ፣ ኋላም መሀሉ ጨለመ።
ሐኪሙ ቃል ሲመርጥ፣ ሲያመነታ፣
አንተ ቀደምከው፦ «ቅዳሜ አለ ጨዋታ፤
ኬርቱ ታይልኛለች» አልከው።
እኔን ማን ጠየቀኝ?

ይኸው ኢሳልሚ፤ ከግቡ ጀርባ፣ ከመስታወቱ ማዶ፣
ትንፋሻችን ይጤሳል፤ ከፊታችን ነጭ በረዶ።
«ጥንጓ የት ደረሰች?» «ሄደች።» «ወዴት?» «ወደዚያ!»
ሳቅህ አመለጠህ፦ «በረዶ ላይ፣ የኔ እመቤት፣
ወደዚያ የሚባል አገር የለም፤
መስመሩን ጥሪልኝ፣ በስሙ።»

ጓንቴን አወለቅክ፤ መዳፌን ዘረጋህ፤
በዚያ ቀለም በለመደ፣ በሻከረ ጣትህ
ሜዳውን ሠራኸው።
«ይሄ ወገቡ ነው፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ መሀል ለመሀል።
ግራና ቀኙ ሰማያዊ፤ ሁለት ደጃፍ በል።
የሚያጠቃ ሁሉ ጥንጓን ያስቀድማል፤
ቀድሟት ዘው ካለ፣ ኦፍሳይድ ይባላል።
አንድ እግሩ ብቻ መስመሩን ከነካ ግን፣
ሌላው ቢሻገርም፣ አልገባም።
ትዝ ይልሻል? አባትሽ ደጅ፣ እጅሽን ልጠይቅ ስመጣ፣
አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ውጭ፤
ግባም አላለኝ፣ አላለኝም ውጣ፤
እንደዚያ ነው።»

«ከወገቡ ወዲህ ሆኖ፣ ጭንቅ ሲይዘው፣
ጥንጓን እስከ ማዶ ጥግ፣ ከቀጭኑ ቀይ አሳልፎ
ለሚሰዳት ሰው፣ ፊሽካ ይነፋበታል፤
አይሲንግ ነው ስሙ፤
ተመልሶ ይቆማል፣ ከገዛ ጓዳው፣ ከክቡ አፋፍ።
ሰው ከጎደለበት ግን፣ ጓደኛው አጥፍቶ
ሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ከታሰረበት፣
ይፈቀድለታል።»
ዝም አልክ። ከዚያ፦
«ሕጉ ለጎደለበት ያዝናል፣ ኬርቱ።»
ጣትህ መዳፌ ላይ ቆየች።

ሦስተኛው ሃያ ደቂቃ ሊያልቅ ነው፤ ሁለት ለሁለት።
የኛው ልጅ፣ ያ ቀዩ፣ የፔካሪነን ልጅ፣ መታት!
ግብ ጠባቂው ተዘረረ፤ ዱላ በዱላ ላይ፣ ሰው በሰው፤
አዳራሹ በአንድ ጉሮሮ «ገባ!» ብሎ ተነሣ።
አንተ ብቻ ተቀምጠሃል።
«የት ናት?»
«መስመሩ ላይ።»
«በእሷና በቀዩ መካከል ነጭ ይታይሻል?»
አጎነበስኩ። ቢታየኝ ምን ነበረበት!
«አይታየኝም። ቀዩን ነክታዋለች።»
«እንግዲያው አልገባችም» አልክ ቀስ ብለህ፤
«አምስት ሴንቲሜትር ነው ስፋቱ፤
ስንት ዓመት በጉልበቴ ሄጄበታለሁ።»
ዳኛውም ሁለት እጁን ወደ ጎን ጠረገ፤
ጩኸቱ ባለበት ደረቀ።

ሁሉ ሲወጣ፣ ውሃ የሚያለብሰው መኪና ገባ፤
የሰባ ደቂቃውን ጭረት ላሰው፣ ለሰነው፤
ቀለሙ ከሥር፣ እንደ ዓሣ ጀርባ፣ ብቅ አለ።
«ሰማያዊው እንዴት ነው?» አልከኝ፤
«አዲሱ ልጅ ቀጥ አድርጎታል?»
አየሁት። ወደ ዳር ጠመም ብሏል፣ ጣት ያህል።
«ቀጥ ብሏል» አልኩህ።

አውቃለሁ፣ ኦይቫ። ፊሽካ እንዳትነፋብኝ፤
አንድ እግሬ አሁንም መስመሩ ላይ ነው።