የካሴቱ ጀርባ

አዛናው የካሴት ሱቁን ሲዘጋ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ፣
አርባ አሸከመኝ። «ዘፈን አላውቅም» ብለው፣ «ልብስ ሰፊ አይደለህ ወይ?
እጅህ ነው የሚሠራው፤ ጆሮህ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈት፤
ስማና የመሰለህን ንገረኝ፣ ምን ገዶህ» አለ። ወሰድኩት።

ጃዙ፣ ወደ ቸቸላ የሚወርድ ሰካራም ነው፤
መንገዱን አሥር ጊዜ ስቶ፣ ደጁ ላይ የሚገኘው።
ሬጌው፣ ጭነቷን አራግፋ ከቅዳሜ ገበያ የምትመለስ
አህያ ናት፤ አትቸኩልም፤ ትደርሳለች ስትደርስ።
ሮኩን አልጨረስኩም። በረዶ፣ ቆርቆሮ ላይ፤
ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ጮኸች፣ «ምን ወረደ ከሰማይ!»
ክላሲኩ... እንግዲህ እውነቱን ልናገር?
አንድ ሱሪ አበላሸሁ፤ ተኝቼ ነው የሰፋሁት ነበር።
የአዝማሪውንስ ተወው። ነገ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ፣
በስሜ ስንኝ ቋጥሮ ለአገር ነው የሚሸጠኝ።

አርባኛው ስም የለውም። ጀርባውን ገለበጥኩት፤
ዘፈን የለም። ዝናብ አለ። የሱቁን ቆርቆሮ አወቅኩት።
ከዚያ ሳል። ከዚያ አዛናው፣ ገና ጎረምሳ ድምፁ፣
«የቷን ነው የምጫነው?... ኧረ እየቀዳ ነው!»
አንዲት ሴት ሳቀች፤ ረዥም ሳቅ።
ከዚያ ቀጭ።

አዛናው አላገባም፤
ለምን እንደሆነ ሰው ጠይቆት አያውቅም።

አርባኛውን ብቻ መለስኩለት፣ በአዲስ ጨርቅ ጠቅልዬ።
«ይህስ እንዴት ነበር?» አለኝ።
«ጥሩ ዝናብ ነው» አልኩት፣ መርፌ የጠፋኝ መስዬ።