ከጨሞጋ ወዲህ

ሽፋኑ የወለቀ፣ ስሟ የተቀደደ፣
አንድ መጽሐፍ አገኘሁ ዋጋው የወረደ፤
ከዛገ ቁልፍ ጋራ፣ ከፋኖስ ብርጭቆ፣
ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ አቧራ አጥልቆ።
ከጀርባው ግማሽ ፊት፦ መነጽር፣ ነጭ ጠጉር፣
እንግሊዛዊት ናት፣ ያለፈ ዘመን የምትቆፍር።
ቢምረው ነጋዴው «ልብ ወለድ ነው» አለኝ፣
«ለቃሪያ መጠቅለያ ነበር ያስቀመጥሁት፤ ሦስት ብር ይስጡኝ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት መዝገብ
ጽፌ ጡረታ የወጣሁ፣ ምን ቀረኝ ከማንበብ?
እንግሊዝኛዬ ካንድ ሕንድ አስተማሪ የቀረ፤
መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ፣ በቀን ሁለት ገጽ፣ እየተቆጠረ።

ይቺ ሴት ስትጽፍ መብረቅ አታወርድም፤
ክፉውን ከፈረስ ጥላ አታዋርድም።
እራቱን ታበላዋለች፣ ወይኑን ታስቀዳለታለች፣
ሴት ልጁን በወግ ትድርለታለች፤
ከዚያ ሌሊት ላይ፣ ሻማው ሊጠፋ ሲል፣
ከራሱ ጋር ብቻ ዘግታበት ትሄዳለች።

ጣራው የሚያፈስ ገዳም፣ ኦስበርት የሚሉት
ጸሐፊ የመሬት ውል ሲገለብጥ፣ ጌታው መጣ ሌሊት።
አላስፈራራውም፣ አልመዘዘ ጎራዴ፤
«ወሰኑ ከወንዙ ሳይሆን ከዋርካው ይሁን» አለው፣ «ወንድሜ፣ ዘመዴ።»
(ዛፉን ዋርካ ያልሁት እኔ ነኝ፤ መዝገበ ቃላቱ ሥዕል የለው።)
ኦስበርት ብዕሩን ነከረ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ሦስት ቀን አልነካሁትም።

ያን ብዕር አውቀዋለሁ። በጃንሆይ ዘመን ነበር፤
ከጨሞጋ ዳር አንድ የተልባ ማሳ፣ ሲያብብ ሰማይ የሚመስል ምድር፣
የአንጓች ፈንቴ ርስት፣ ባሏ የሞተባት፣
ዳኛ የፈረደላት፣ ሽማግሌ የመሰከረላት።
ውሳኔው ሲገለበጥ በኔ እጅ ነበረ፤
«ከጨሞጋ ወዲህ» ይላል፣ ጥርት ብሎ የሰፈረ።
ግራዝማች አንዳርጌ አንድ እንስራ ማር ላኩ፤
አልለመኑኝም፣ አልዛቱም፣ ጤናዬን ብቻ ነው የጠየቁ።
አንዲት ፊደል ናት፤ በ«ህ» ፋንታ «ያ»፣
እጅ ሳይንቀጠቀጥ፣ ወዲህ ሆነ ወዲያ።

ማሩን በላን። ልጆቼ ጣታቸውን ላሱ።
ዝናቡ በጊዜው መጣ፤ ሰማይም አልተቀደደ።
በዓመቱ እርከን ጨመሩልኝ።

በአራተኛው ቀን ወደ ኦስበርት ተመለስሁ።
አርጅቷል፤ አንድ መንደር መንገድ ወርዷል፤ ከዚያ
«በሩን አንኳኳ። ሴትዮዋም…»
ገጹ አለቀ። መጽሐፉም።
ሴትዮዋም ምን? ከፈተች? ውሻ ለቀቀችበት?
ገበያ ሄጄ ቢምረውን ቀሪው የታል ብለው፣
«ማለቂያውማ» አለኝ፣ «ሐሙስ ለት ቃሪያ ተጠቀለለበት፤
ማን እንደገዛ በምን አውቄው!»

ክረምት ሊወጣ ሲል ዘንጌን ይዤ ወረድሁ፤
የአንጓችን ልጅ፣ ጠጅቱን፣ ከደጇ አገኘሁ፣
ተልባ ስታበጥር።
ነገርኋት። ማሩን። ፊደሏን። የጻፍኩበትን ቀን።
ሰፌዱን አላስቀመጠችም።
«መሬቱ» አለችኝ፣ «ላራሹ ሆነና ተሸነሸነ፤
ጨሞጋም በጎርፉ ዓመት መንገዱን ለውጦ፣ ይኸው እርስዎ የጻፉት ሆነ።
እናቴ ግን…»
ሰፌዱ ሁለት ጊዜ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜ ወረደ።
«እናቴ ስትሞት ‹ወዲህ፣ ወዲህ› ትል ነበር።
እኛ የጠራችን መስሎን
ወደ አልጋዋ ተጠጋን።»

ይቅር አላለችኝም። አልረገመችኝም።
በጣሳ ውሃ ሰጠችኝ፤ ስነሣም
«ቁልቁለቱ ያዳልጣል» አለች፣ ቀና ሳትል።

ማታ ከመጽሐፉ ጀርባ ባዶ ወረቀት ሰፋሁ በመርፌ፣
ለሚቀጥለው አንባቢ ማለቂያ ልሠራለት።
ኦስበርትን ላስለቅሰው አሰብሁ። ሴትዮዋን በሩን ላስከፍታት።
ሴትዮይቱ እንግሊዛዊት ግን እንዲህ አትጽፍም፤
እኔም መብት የለኝም።
እጄ አሁን ይንቀጠቀጣል።
አንዲት ፊደል ብቻ ጻፍሁ፣ አርባ ዓመት የዘገየች፦

ህ